የአደባባዩ አርባ ዛፎች

አደባባዩ ከመታደሱ በፊት አሥራ አንድ ትልልቅ ዛፎች ነበሩት። አሥራ አንዱንም ያሳደጋቸው አንድ አትክልተኛ ነው። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ የቧንቧ ውሃ ለአራት ወር በጠፋበት በጋ፣ በየችግኙ ሥር ቀዳዳ ጣሳ እየቀበረ፣ ጣሳውን በቀን አንድ ጊዜ ከሩቅ ጉድጓድ እየቀዳ እየሞላ፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አተረፋቸው። ያኔ «አባ ጠብታ» አሉት፤ በዚያው ቀረ። ነገረኞች ስሙ የወጣለት በውሃው ሳይሆን በንግግሩ ነው ይሉ ነበር። እውነትም ከአባ ጠብታ አፍ ቃል የሚወጣው ጠብ እያለ ነው።

የሚኖረው እዚያው አደባባዩ ጥግ፣ ድሮ የውሃ ፓምፕ በነበረበት ቤት ውስጥ ነው። ክፍሉ አራት ሜትር በሦስት ነው፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። መስኮቱ ሥር አልጋ፣ አልጋው ላይ ሚስቱ። ሚስቱ ዳሌዋ ከተሰበረ ስድስት ዓመት ሞልቷታል። ሽንት ቤቱ ከአደባባዩ ማዶ ስለነበረ እዚያ ድረስ መሄድ አልቻለችም። ስድስት ዓመት ሙሉ በሳፋ ነው የተጸዳዳችው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳፋውን የደፋው እሱ ነው። ሳፋውን ይዞ ሲወጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ይህን ሁለቱም አንድ ቀን አንሥተውት አያውቁም።

ከዚያ ከተማው ሊታደስ ነው ተባለ። አደባባዩ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጠረ፤ ቆርቆሮው ላይ የወደፊቱ አደባባይ ሥዕል ተለጠፈ። ለምለም ዛፍ፣ የሚፈነጥቅ ፏፏቴ፣ ብስክሌት የያዘች ልጅ፣ አንድ ነጭ ውሻ። በሥዕሉ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው አልነበረም፤ ውሻውም ቢሆን ወጣት ነው።

ሐቁ ይነገር ከተባለ ሥራው መልካም ሥራ ነበር። ከመሬት ሥር የወጡት አሮጌ ቧንቧዎች እንደ በሰበሰ አጥንት በእጅ ይፈረፈሩ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር እየገነፈለ መንገደኛውን አፍንጫ የሚያስይዘው የቆሻሻ ቦይ በአዲስ ተተካ። የመብራቱ ገመድ ከእንጨት ምሰሶ ወርዶ መሬት ገባ። ድንጋዩ እንደ ገበታ ተስተካክሎ ተነጠፈ። አሥራ አንዱ ዛፎች ደግሞ ሥሮቻቸው ቦዩን ሰንጥቀውታል ተብሎ በሁለት ቀን ተቆረጡ። ቅርንጫፉን ተሸክሞ መኪና ላይ የጫነው አባ ጠብታ ነው። ምን ተሰማህ ብሎ የጠየቀው የለም፤ ቢጠይቁትም «ከባድ ነው» ብሎ ስለ ቅርንጫፉ ይመልስ ነበር።

የሥራው ኃላፊ አንዲት ወጣት ኢንጂነር ነበረች። ነጭ ሄልሜት ታደርጋለች፤ ሰውን በትሕትና ታናግራለች፤ የገባችውን ቃል አትረሳም። አንድ ቀን የፓምፑን ቤት በር አንኳኩታ ገባች፣ ጣራውን አየች፣ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች፣ ወረቀት ላይ ጻፈች። በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው ከክፍሉ ጥግ ትንሽ ሽንት ቤት ሠሩ። ነጭ መቀመጫ፣ ሲጎትቱት የሚፈስ ውሃ፣ እጅ መታጠቢያ። ከአልጋው እስከ በሩ ስድስት እርምጃ። ሚስቱ የወንበር መደገፊያ ይዛ፣ እያረፈች፣ ብቻዋን ደረሰች። በሩን ዘጋች። አባ ጠብታ ውጭ ቆሞ ውሃው ሲንዶቀዶቅ ሰማ። ስትወጣ ፊቷ የሠርጓን ዕለት ይመስል ነበር።

«ይህ የአትክልተኛ ማደሪያ ይባላል» አለች ኢንጂነሯ። «ከከተማው ዘጠኝ አትክልተኞች ሥራ ላይ የሚቀረው አንድ ነው፣ አባባ። ስምዎን አስገብቻለሁ። ከምርቃቱ በኋላ ቁልፉም ወረቀቱም በስምዎ ይሆናል። ብቻ አርባ ዛፍ ነው የምንተክለው፤ በእነሱ ነው የማውቅዎት።»

በእነሱ ነው የማውቅዎት ያለችውን አባ ጠብታ እንደ መሐላ ቃል ያዘው። ጥፋቱም ከዚህ ይጀምራል።

ለምርቃቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ዛፎቹ በጭነት መኪና መጡ። አባ ጠብታ የመኪናው ሸራ ሲገለጥ አንገቱን አስግጎ አየና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው፣ ኢንጂነር?»

«ዛፎች ናቸዋ! አርባ ናቸው፤ ይቁጠሯቸው።»

«ሥሩስ የታለ?»

«ሥሩ ያው አፈር ውስጥ ነው የሚሆነው፤ ማን ያየዋል?»

ዛፎቹ ዛፍ አልነበሩም፤ ቅርንጫፎች ነበሩ። የክንድ ውፍረት ያላቸው፣ አራት አራት ሜትር የሚሆኑ፣ ከወንዝ ዳር በመጋዝ ተቆርጠው ቅጠላቸው ሳይረግፍ የተጫኑ። ችግኝ አቅራቢው ያደገ ዛፍ አመጣለሁ ብሎ ተዋውሎ፣ ያደገው ዛፍ ሲጠፋው ያገኘውን ላከ። ኢንጂነሯም ይህን አልሳተችውም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሦስት ቀን ብቻ አረንጓዴ ይሁኑልኝ፣ አባባ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናያለን» አለችው።

አባ ጠብታ እንጨቱን ያውቀዋል። ሰዎች ለአጥር የሚተክሉት ዓይነት ነው፤ አጥር ይሁን ብለው ይተክሉትና እሱ ግን ዛፍ ካልሆንኩ ብሎ የሚያቆጠቁጥ ግትር እንጨት። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል። ቅጠሉ መርገፍ አለበት። ቅጠል አፍ ነው፣ ሥር እጅ ነው፤ የሚሠራ እጅ በሌለበት ቤት የሚበላ አፍ ከበዛ ቤቱ በሳምንት ይፈታል። ቅጠሉን የገፈፉት እንጨት ግን ያለችውን እርጥበት ቆጥቦ፣ ዝም ብሎ፣ ሥር መስደድ ይጀምራል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አጥር እያየ የተማረው ነው። ስለዚህ ሲተክላቸው ጫፋቸውን አሾለ፣ ልጣጩን በጎን በጎን ጫር ጫር አደረገ፣ አፈሩን በተረከዙ ጠቀጠቀ። በሁለተኛው ቀን ማታ ቅጠሎቹ ጆሯቸውን መጣል ጀመሩ።

ቅጠሉን ሊገፍፍ እንዳሰበ ለሚስቱ ነገራት።

«ግፈፍ ብለው አዘውሃል?» አለችው።

«አላዘዙኝም።»

«እንግዲያ ምን አገባህ?»

«ዛፉ ከደረቀ ምን ሊያደርጉኝ ያስቀሩኛል? የአርባ ማገዶ አትክልተኛ አለ እንዴ?»

ሚስቱ ወደ ነጩ ትንሽ በር አየች። «አንተ ታውቃለህ» አለችው በመጨረሻ። ይህችን ቃል በኋላ ብዙ ጊዜ እያነሣች ተጸጽታባታለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። የአደባባዩ ጥበቃ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ሥራውንም ያስገባው ራሱ አባ ጠብታ ነው፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሰው ለምኖ። ዋርሳው ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ እንደ ለጠፈ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«እያዳንኳቸው።»

ዋርሳው የተገፈፈውን አየ፣ ያልተገፈፈውን አየ። ሬዲዮኑን አጠፋ። «ደግ ነው» አለ። «ወድቀህ እንዳትሰበር፤ አንድ የተሰበረ ይበቃናል። መሰላሉን ልያዝልህ።»

ያዘለትም። ከመጀመሪያው እስከ አርባኛው ድረስ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ያዘለት። ሦስተኛው ላይ ቢደውል ሠላሳ ሰባቱ ይተርፉ ነበር፤ ግን ዋርሳው ሥራን ከወገቡ የሚያቋርጥ ሰው አልነበረም። አርባኛው ሲያልቅ እጁን በሱሪው ጠራረገ፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ዞረ፣ ለኢንጂነሯ ደወለ።

ኢንጂነሯ ስትናደድ ድምፅዋ የሚያንስ ሰው ነበረች። አዲሱ ድንጋይ ላይ ቆማ አርባ የቆሙ ዱላዎችን አንድ በአንድ ተመለከተች።

«አባባ፣ ቅጠሉ የት ሄደ?»

«ያው በጆንያ አለ፣ ኢንጂነር። ለማዳበሪያ ይሆናል።»

ድንጋይ አንጣፊዎቹ ከት ብለው ሳቁ። «ምናለ ለምርቃቱ ጆንያውን ብናቆመው!» አለ አንዱ። እሷ አልሳቀችም።

«ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ያውቃሉ?»

«ብዙ ነው አሉ።»

«ብዙው ሰው ታዲያ ምን ያያል?»

«ነገ እንኳ ምንም አያይም። ግን በሁለት ወር ውስጥ ያቆጠቁጣሉ። ሁለት ወር ብቻ ቢታገሡኝ፣ ኢንጂነር፣ እዚህ ጥላ ሥር ነው የሚቀመጡት።»

«በሁለት ወር ማንም አይመጣም» አለችው። ክፋት አልነበረበትም፤ መረጃ ነበር።

መላውን ያመጣው ዋርሳው ነው። የድግስ አዳራሽ የሚያስጌጡ ሰዎች ያውቃል፤ እነሱ ዘንድ የፕላስቲክ ቅጠል በካርቶን በካርቶን ሞልቷል። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉ ደረሰ፤ ድንጋይ አንጣፊው፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ሁሉም ሽቦ እየቆረጠ ያስር ጀመር። ማታ አርባው ዛፍ ከወንዝ ዳር ዛፍ ይልቅ ለምልሞ አመሸ። ኢንጂነሯ የሠራተኛ ዝርዝሩን አወጣች፣ ማስመሪያ ተበድራ የአባ ጠብታን ስም በቀጥታ መስመር ሰረዘች፣ ከላዩ የዋርሳውን ጻፈች። «ፊደሉን አረጋግጥልኝ» ብላ ወረቀቱን ለዋርሳው አሳየችው። አባ ጠብታ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

የምርቃቱ ዕለት ዋርሳው በማለዳ መጥቶ የፓምፑን ቤት በር ከውጭ ቆለፈ።

«ጋሼ፣ ለራስህ ብዬ ነው» አለ በመስኮት። «ስለ ዛፍ ከሆነ አፍህ አያርፍም፣ ደግሞ ለእንግዳ ስለ ሥር ትነግራለህ። አንድ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ውሃም ሽንት ቤትም ውስጥ አላችሁ፤ ምን ጎደላችሁ?»

ባልና ሚስት አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በመስኮት አዩ። ፏፏቴው ፈነጠቀ። የድምፅ ማጉያው ስለ ሥር የሰደደ ለውጥ ተናገረ። ትልቁ እንግዳ በመስኮቱ ትይዩ ካለው ዛፍ ሥር ቆሙና አንዷን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ዳሰሱ። ጣቶቻቸውን አሻሹ። ከዚያ አጃቢዎቻቸውን አየት አድርገው ጮክ ብለው «እንዴት ያምራል!» አሉ፤ ሰዉም አጨበጨበ።

«ምን አሉ?» አለች ሚስቱ፤ ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል።

«አማረ አሉ።»

በሳምንቱ ዋርሳው ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና አንድ ፍሪጅ ይዞ ወደ ማደሪያው ገባ። «እህቴን ሜዳ ላይ አልጥልም፤ ሰው ምን ይለኛል?» አለና በክፍሉ መካከል መጋረጃ ዘረጋ። የእህቱ አልጋ ከመስኮቱ ሥር አልተነሣም፤ ፍሪጁ እዚያ አይገባም ነበርና። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው ስድስት እርምጃ በመጋረጃው ወዲያኛው በኩል ዋለ። ከእንግዲህ መሄድ ሲያስፈልጋት «ልለፍ?» ብላ ታስፈቅዳለች። የዋርሳው ሚስት መልካም ሴት ናት፤ አንድም ቀን ከልክላት አታውቅም። «ትንሽ ቆዪ፣ እቴ፣ ልጆቹ እየበሉ ነው» ትላት ነበር እንጂ።

አባ ጠብታ ሥራ ስላልነበረው አደባባዩ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ዋርሳው ፕላስቲኩን በሳምንት አንድ ቀን በእርጥብ ጨርቅ ያጥባል፤ ግንዱ ሥር ግን ጠብታ ውሃ አያፈስም፤ ምን አደከመው? አባ ጠብታ በጆግ ከፏፏቴው እየጨለፈ፣ ሰው ዘወር ሲልለት፣ ጠብ ጠብ ያደርግ ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ ቀትር ላይ፣ አሥራ ሰባተኛው ዛፍ ላይ ሽቦው ሥር አንድ ነገር አየ። የስንዴ ቅንጣት የምታክል፣ ቀላ ያለች፣ ጫፏ የሾለ። ጎንበስ ብሎ ተነፈሰባት፤ አቧራ አልነበረችም። ወደሚቀጥለው ሄደ። ወደሚቀጥለው። ሠላሳ አንዱ ይዘዋል። አባ ጠብታ ሮጠ። ሰው ሲሮጥ አይቶት ስለማያውቅ አንድ መንገደኛ ሌባ ፍለጋ ዘወር ዘወር አለ።

«ያዙ!» አላት ሚስቱን ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ። «ሠላሳ አንድ!»

ሚስቱ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። «እንግዲያ ሂዳ! ምን ትገተራለህ? ንገራት!»

ያለውን አንድ ኮት ለብሶ ቢሮ ሄደ። ኢንጂነሯ እንደ ልማዷ በትሕትና ሰማችው፤ ሥራዋን ትታ አብራው መጣች። ሄልሜቷን አወለቀችና ግንዱ ላይ አጎነበሰች። «በእውነት ይገርማል!» አለች። ለአንድ አፍታ ፊቷ ላይ የሕፃን መደነቅ ታየ። ከዚያ ተመልሳ ኢንጂነር ሆነች።

«አባባ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከተሞችን የሚያወዳድሩ ሰዎች ይመጣሉ። በሪፖርታችን ዛፎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቅጠላም ናቸው፤ ፎቶም አለው። ቅጠላም የነበረ ዛፍ እንደ አዲስ ሲያቆጠቁጥ ካዩት ምን እንበላቸው?»

«ፕላስቲኩን እናንሣውና...»

«ዱላ ሆነው ይታዩ?»

«ሁለት ወር ነው።»

«ያኔም ሁለት ወር ነበር ያሉኝ» አለች። ወደ ዋርሳው ዞራ «እነዚህን ቀንበጦች አንሣልኝ፤ ፕላስቲኩን እየገፉ እያጣመሙት ነው» አለችው።

ዋርሳው አነሣ። ቀንበጡን ይዞ ቁልቁል ሲስበው የግንዱ ልጣጭ አብሮ እንደ ጨርቅ ተተረተረ። ሦስት ዛፍ እንዲህ አድርጎ አራተኛው ላይ መንገደኛ ፎቶ አንሺ ስልኩን አወጣ። ኢንጂነሯ ሥራውን አስቆመች። በማግሥቱ ራሷ አባ ጠብታ ወደሚቀመጥበት ድንጋይ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«የማደሪያው ደንብ የተመዘገበ ሠራተኛና የትዳር ጓደኛ፣ ከልጆች ጋር፣ ነው የሚለው። እህትና የእህት ባል አይልም። እስካሁን አላየሁም ብዬ አልፌአለሁ። ረዳት አትክልተኛ ብዬ ካስገባሁዎት ግን ማንም አያስወጣችሁም። ሥራው ይህ ብቻ ነው፤ ልጣጩን ሳይነካ ቀንበጡን ማንሣት። ከእርስዎ በቀር የሚችለው የለም።»

አባ ጠብታ ተነሥቶ ወደ ቤት ገባ። ለሚስቱ ጠብ ጠብ እያደረገ ነገራት። ከመጋረጃው ወዲያ ሳህን ይታጠባል።

«አላደርገውም» አለ መጨረሻ ላይ።

ሚስቱ መስኮቱን እንጂ እሱን አላየችም።

«እኔ ዛፍ ላይ አልተኛም» አለች።

«ሕይወት አላቸው፣ አንቺ። ሠላሳ አንዱም።»

«እኔስ?»

አባ ጠብታ ወደ መጋረጃው አየ።

«ስድስት ዓመት በሳፋ» አለች፤ ድምፅዋን የመጋረጃው ወዲያኛው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጋ። «ሳፋውን ይዘህ ስትወጣ ለምን ወደ ግድግዳ እንደምዞር አታውቅም? አፍንጫህን ላለመያዝ ስትታገል እንዳላይህ ነው። ወደዚያ አልመለስም። ያኔ አንተ ታውቃለህ አልኩህ፤ የምታውቀው ስለ ዛፍ ብቻ ነው። ሂድ፣ ልቀም።»

ልጣጭ ሳይነካ ቀንበጥ ማንሣት ቀላል ሥራ አይደለም። ጫፉን ብቻ የቆነጠሩት ቀንበጥ በሳምንት ሁለት ሆኖ ይመለሳል፤ ችግኝ ሲያበዛ አባ ጠብታ ራሱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እንዳይመለስ ከተፈለገ የአውራ ጣትን ጥፍር ከሥሩ አግብቶ፣ ከበቀለበት ጉድጓድ ነቅሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲህ ሲያደርግ ዋለ። ጥፍሩ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ጥቁር ሆነ። የለቀማትን ኪሱ ይከት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ራሱም አያውቅም። በአጠገቡ የሚያልፉ ልጃገረዶች «እኒህ አባት ዛፉን እንዴት ቢወዱት ነው!» አሉ።

አንዷን ዛፍ ግን ተዋት፤ በመስኮቱ ትይዩ ያለችውን። ሦስት ቀንበጦች ነበሯት፤ ሁለቱ እምብዛም የማይታዩ፣ አንዷ ቅጠሏን ከፍታ ሁለት ጣት ያህል የወጣች። የፕላስቲኩን ቅጠል በላይዋ አለበሳትና መሰላሉን አጥፎ ወደ ቤት መጣ። ዋርሳው አዲሱን መታወቂያ ካርድ ይዞ በር ላይ ይጠብቀው ነበር። በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ሚስቱ መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ በአገጯ ወደ ዛፏ እያመለከተች፤ «ይቺን ረሳሃት።»

አየችው፤ አያት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

መሰላሉን መልሶ ተሸከመ። ዋርሳው ካርዱን ኪሱ ከተተና ከኋላው ተከተለው፤ ከዛፏ ሥር ሲደርሱም መሰላሉን ያዘለት።